ባለቤቴ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ምን ላድርግ?

የሹፌሩ ባለቤት (ጅማ፣ ሄርማታ) | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ተኝቷል። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና በአይሱዙ ያመላልሳል። ከተጋባን ጀምሮ ያንኮራፋል፣ ለምጄዋለሁ። ክረምቱን ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስለሚያድር ብዙም አይሰማኝም ነበር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጥቅምት አልቆ ሌሊቱ ጸጥ ሲል ነው ጉዱን የሰማሁት። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ። ምንም ድምፅ የለም። ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ይተናነቀዋል፣ አየር በኃይል ይስባል፣ ይገላበጣል። ከዚያ ማንኮራፋቱን እንደገና ይጀምራል።

ዛሬ የስልኬን ሰዓት ከፍቼ ቆጠርኩ። 22 ሴኮንድ። ቀጥሎ 18። ቀጥሎ 31። በዚህኛው ልጮህ ቃጣኝ። እጄን ደረቱ ላይ አደረግሁ። ደረቱና ሆዱ ይንቀሳቀሳሉ፣ ለመተንፈስ የሚታገል ይመስላል። ጣቴን አፍንጫው ሥር ሳስጠጋ ግን አየር የለም።

ጠዋት ራሱን እያመመው፣ አፉ ኩበት ሆኖ ይነሳል። ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይወጣል። ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንኳን እንዳልተኛ ሰው ነው። ባለፈው እሑድ እራት እየበላን ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ አንቀላፋ። እናቱ "ዱካክ ነው፣ ጸበል ይጠጣ" ይላሉ። እሱ "ድካም ነው፣ ተይኝ" ይላል።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር ጊቤን ተሻግሮ ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ መኪናው ከአስፋልቱ ወጣ። ረዳቱ ጮሆ መሪውን ባይዝ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ይህንንም የነገረኝ ረዳቱ ነው። እሱ ትንፍሽ አላለም።

ይህ ነገር ምንድነው? የሚያውቅ ሰው አለ?

---

የቆጪው ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡25

እህቴ፣ አይዞሽ። አባቴ 40 ዓመት አንኮራፍቷል፣ ምንም አልሆነም። ማንኮራፋት እንቅልፍ እንደጠለቀ ነው የሚያሳየው። ዝም ብለሽ አታስጨንቂው።

---

ሲስተር (የሌሊት ተረኛ) | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

አሁን ከተረኛ ወጣሁ። ልተኛ ነበር፣ ግን ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሙያዬ ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ ነው የምሠራው።

የቆጪው ወንድሜ፣ ለማጽናናት እንዳልክ ይገባኛል። ግን ማንኮራፋት የጥልቅ እንቅልፍ ምልክት አይደለም። አየር በጠበበ መንገድ ሲያልፍ የሚሰማ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ያንኮራፋል፣ ብዙውም ጤነኛ ነው። የእህታችን ነገር የሚለየው ዝምታው ላይ ነው። ማንኮራፋት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ መተናነቅ። ይህ ከተደጋገመ ስሊፕ አፕኒያ የሚባለውን እንጠረጥራለን። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚመለስበት ሕመም ነው።

እህቴ፣ ሳታውቂው ትልቅ ምርመራ ነው ያደረግሽው። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ አፍንጫው ላይ ግን አየር የለም ብለሻል። ይህ ማለት አንጎሉ "ተንፍስ" እያለ ነው፣ ሳንባውም እየሞከረ ነው፣ የተዘጋው ጉሮሮው ነው። አንጎል ራሱ ትእዛዙን የሚያቆምበት ሌላ ዓይነትም አለ። ያ ብርቅ ነው፣ ከልብ ድካም ወይም ከአንዳንድ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ይመጣል። ያኔ ደረቱም ጸጥ ይላል። የባለቤትሽ የመጀመሪያውን ይመስላል፣ እሱ ነው የተለመደው።

ጉሮሮው ለምን ይዘጋል? ወፍራም የአቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ ስትስቢ፣ ስትሮው መሐል ላይ ተጣብቆ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ አይደል? በጣም በሳብሽ ቁጥር ይብስበታል። የጉሮሮ መንገድ አጥንት የለውም፣ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ስንተኛ ጡንቻው ይላላል። አንገት ላይ ስብ ካለ፣ ምላስ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ፣ አገጭ ትንሽ ከሆነ መንገዱ ይጣበቃል። ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ደንግጦ ለአንዲት ቅጽበት ያነቃዋል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ አየር ይገባል፣ ተመልሶ ይተኛል። እሱ ይህን ብዙ ጊዜ አያስታውስም። ስምንት ሰዓት የተኛ ይመስለዋል። አንጎሉ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቀስ ነው ያደረው።

የራስ ምታቱም ሽንቱም ከዚሁ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ሲጠራቀም ጠዋት ራስ ያማል። ደረት በተዘጋ ጉሮሮ ላይ ሲጎትት ደግሞ ልብ ይለጠጣል። ልብም ውሃ የበዛ መስሎት ኩላሊትን "አውጣ" የሚል ሆርሞን ይልካል። ብዙ ወንዶች የፕሮስቴት እየመሰላቸው ይሄዳሉ።

አሁን ሦስት ነገር አድርጊልኝ። አንደኛ፣ ሲተኛ በስልክሽ ቅረጪው። መብራት ባይኖርም ግድ የለም፣ ድምፁ ይበቃል። ሁለተኛ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱን ለኪው። ወንድ ከ43 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ሴት ከ41 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። ሦስተኛ፣ ደም ግፊቱን አስለኪው። እስከዚያ ግን በምንም መንገድ ሌሊት እንዳይነዳ።

---

መርቃኙ አይደለሁም | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡05

ሲስተር ጥያቄ አለኝ። እኔ ባጃጅ ነው የምሠራው። እኔም ሲያንኮራፉ ከሚያድሩት ነኝ፣ ጓደኞቼ አብረውኝ መተኛት ትተዋል። ቀን እንቅልፍ ሲመጣብኝ ጫት እቅማለሁ፣ ወዲያው ነቃ እላለሁ። ታዲያ መድኃኒቱ እሱ አይደለም?

---

ሲስተር (የሌሊት ተረኛ) | ማክሰኞ፣ ማታ 12፡30

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የጅማ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ጫት ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። የነዳጅ መብራቱ ሲበራ በፕላስተር ሸፍኖ እንደመንዳት ነው። ጉሮሮህ ሌሊት መዘጋቱን አላቆመም፣ ኦክስጅኑም መውረዱን አላቆመም። በዚያ ላይ ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። አፕኒያም ግፊት ይጨምራል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ልብ አያርፍም።

ከዚያ ደግሞ ማታው አለ። በርጫው አልቆ እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ ይመጣል። አረቄ፣ ቢራ፣ አንዳንዴም ከፋርማሲ የእንቅልፍ ኪኒን። መጠጥ የጉሮሮን ጡንቻ የበለጠ ያላላዋል፣ አንጎልም ቶሎ እንዳይነቃ ያደርጋል። ዝምታው ይረዝማል፣ ኦክስጅኑ የበለጠ ይወርዳል። የእንቅልፍ ኪኒንም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው፣ በአፕኒያ ለሚጠረጠር ሰው ያለ ሐኪም አይሰጥም። ጠዋት የባሰ ደክሞህ ትነሳለህ፣ ተመልሰህ ጫት ትፈልጋለህ። ክቡ ይህ ነው። በተረኛ ስሠራ ስንቱን በዚህ መንገድ መጥቶ አይቻለሁ።

ቡናም ቢሆን ሰዓት ይፈልጋል። የጠጣኸው ካፌይን እኩሌታው ከአምስት ሰዓት በኋላም ሰውነትህ ውስጥ ነው። የማታውን ስኒ ወደ ቀትር አምጣው። ቡና ተዉ ብዬ ጅማ ላይ አልጽፍም።

ራስህን መመዘን ከፈለግህ ደግሞ ቀላል መጠይቅ አለ። በፈረንጆቹ 1991 መሪ ጆንስ የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም ያዘጋጀው ነው፣ ኤፕዎርዝ ይባላል። ስምንት ሁኔታ ይጠይቃል። ቁጭ ብለህ ስታነብ፣ ቴሌቪዥን ስታይ፣ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆነህ አንድ ሰዓት ስትጓዝ፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብለህ ስታወራ፣ ሌላም ሌላም። በእያንዳንዱ የማንቀላፋት ዕድልህን ከ0 እስከ 3 ትሞላለህ። ድምሩ ከ24 ነው። ከ10 በላይ ካለፈ ሐኪም ማየት አለብህ።

---

ጡረተኛው መምህር | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15

ልጆቼ፣ እኔ ይህን ሕመም አውቀዋለሁ፣ አለብኝ። 61 ዓመቴ ነው። ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አንቀላፍቼ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ ሰክሮ ነው ይሉኝ ነበር፣ መጠጥ ግን በአፌ ዞሮ አያውቅም። ያ ሐሜት ዛሬም ያንገበግበኛል። ሐኪም ቤት ስሄድ ለደም ግፊት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይሰጡኝ ነበር፣ ግፊቱ ግን ፍንክች አላለም። ለስንት ዓመት "እንዴት ነው የምትተኛው?" ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። የጠየቀኝ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። እግዜር ይስጠው።

ምርመራውን አዲስ አበባ ነው ያደረግሁት። ሽቦ ራስህ ላይ፣ ደረትህ ላይ፣ እግርህ ላይ ይለጥፉና ትተኛለህ። ጣትህ ላይ ኦክስጅን የሚለካ ነገር ይሰካል። ጠዋት ውጤቱን ሲነግሩኝ ትንፋሼ በሰዓት 41 ጊዜ ተቋርጧል አሉኝ። ከ5 በታች ጤነኛ ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። አስቡት፣ በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ እየታነቅሁ ነው ያደርኩት። ለመቋረጥ የሚቆጠረውም ቢያንስ 10 ሴኮንድ የቆየው ብቻ ነው። የዚህች ልጄ ባል 31 ሴኮንድ ከቆየ ቀላል አይደለም።

አሁን በሲፓፕ ነው የምተኛው። ትንሽ ሣጥን ናት። አየር በቱቦ ትልካለች፣ አፍንጫ ላይ ጭምብል አለ። አየሩ ጉሮሮን ከውስጥ ደግፎ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፣ ሌላ ምንም ተአምር የለውም። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ የሲድኒ ሐኪም በፈረንጆቹ 1981 ያስተዋወቀው ነው። ከዚያ በፊት ለባሰበት ሰው የነበረው ሕክምና አንገትን በስቶ የትንፋሽ ቀዳዳ ማውጣት ነበር። ይህን ሳነብ የኔን ጭምብል ማማረር ተውኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። እኩለ ሌሊት ላይ ነቅዬ እጥለው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ግን ተነሳሁና አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። የሆነ ነገር ጎድሎብኛል። ቆይቶ ገባኝ፣ ራሴን አላመመኝም። ለስንት ዓመት ራሴን ሳያመኝ የነቃሁበትን ጠዋት አላስታውስም ነበር። ባለቤቴን ጠርቼ ነገርኳት፣ አለቀሰች።

መሣሪያው ውድ ነው፣ እውነቱን እናውራ። ልጄ ከውጭ ባትልክልኝ አቅሙም አልነበረኝም። መብራት ሲጠፋም ይቆማል። በዚያን ሌሊት ከጀርባዬ ትራስ ደርድሬ በጎኔ እተኛለሁ። ግፊቴ አሁን በሁለት መድኃኒት ልክ ሆኗል።

---

ፈረንጅ አራዳ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 7፡50

የዱካኩን ነገር ማንም አላነሳውም። እኔ ዱካክ ይጫነኛል፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል፣ መጮህ አልችልም። እሱም ይኸው ነው ወይስ ሌላ?

---

ሲስተር (የሌሊት ተረኛ) | ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ሌላ ነው። ዱካክ ሲጫንሽ አንቺ ነቅተሻል፣ ክፍሉን ታያለሽ፣ ሰውነትሽ ግን አይታዘዝሽም። በሕልም ጊዜ ሰውነታችን እንዳይንቀሳቀስ አንጎል ይቆልፈዋል። ቁልፉ ሳይፈታ ስትነቂ ያ ይፈጠራል። ያስፈራል፣ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። አፕኒያ ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ምንም አያውቅም። የሚፈራው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እንቅልፍ የተቆራረጠበት ሰው ዱካክ ሊደጋገምበት ይችላል፣ ስለዚህ የምታንኮራፊ ከሆነ ተመርመሪ።

ጸበሉን አልቃወምም። እማማም ለልጃቸው ተጨንቀው ነው። ጸበሉንም ይጠጣ፣ ሐኪምም ይይ።

---

የትንሿ እናት | ረቡዕ፣ ማታ 2፡45

ይቅርታ፣ የኔ ጥያቄ ስለ ልጅ ነው። የ5 ዓመት ልጄ አፏን ከፍታ ነው የምትተኛው። እንደ ትልቅ ሰው ታንኮራፋለች፣ ላብ ያጠምቃታል። ሽንቷን መልቀቅ አቁማ ነበር፣ አሁን እንደገና ጀምራለች። ጎረቤቴ "እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ" አለችኝ። ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል።

---

ሲስተር (የሌሊት ተረኛ) | ረቡዕ፣ ማታ 2፡52

እህቴ፣ በእናትሽ፣ ቅዳሜን ሰርዢው። አሁኑኑ ደውለሽ ሰርዢው።

እንጥል የሚቆረጥባቸው ሕፃናት ደም ፈስሷቸው፣ ቁስላቸው አመርቅዞ ሲመጡ ተቀብያለሁ። በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ ሲቆረጥ በደም የሚተላለፍ በሽታም አለ። እንጥሏ ምንም አላጠፋም።

በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚዘጋው ያበጠ ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ቀን ላይ አያንቀላፉም። ይልቁንም ይቅበጠበጣሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ትምህርት አይገባቸውም። ሽንት መልቀቁም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። የአንገት በላይ ሐኪም ይያት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ክፍሉ አለ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት ሰመመን ተሰጥቷት፣ በባለሙያ ነው የሚሠራላት። ብዙ ልጆች ከዚያ በኋላ ጸጥ ብለው ይተኛሉ።

---

የትንሿ እናት | ረቡዕ፣ ማታ 3፡06

ሰረዝኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ተባረኪ።

---

የቆጪው ልጅ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡10

ሁሉንም አነበብኩ። ከላይ የጻፍኩትን እህቴ ይቅር በይኝ። አባቴ ምንም አልሆነም ያልኩት እውነት አይደለም። በ58 ዓመቱ ስትሮክ መትቶት ነው ያረፈው። ከማንኮራፋቱ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ትናንት እናቴን ጠየቅኳት። "ትንፋሹ ሲጠፋ እኔ ነበርኩ በክርኔ የምነካው" አለችኝ። ለማንም ነግራ አታውቅም።

---

ጡረተኛው መምህር | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ነፍሱን ይማር፣ ልጄ። ራስህን አትውቀስ። እናትህን ግን አመስግንልኝ፣ ስንት ሌሊት ነቅታ ጠብቃዋለች።

---

ቀጭኗ | ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡30

ይህ የወፍራም ወንዶች በሽታ ነው አይደል? ውፍረት ቢቀነስ በቃ ይድናል ማለት ነው?

---

ሲስተር (የሌሊት ተረኛ) | ሐሙስ፣ ማታ 1፡05

የነሱ ብቻ አይደለም። ቀጭን ሰውም አገጩ ወደ ኋላ የገባ ከሆነ ሊይዘው ይችላል። ሴቶች የወር አበባ ካቆመ በኋላ ይበዛባቸዋል። ሴቶች ላይ ደግሞ ማንኮራፋቱ ሳይጎላ ድካም፣ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ብቻ ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ይታለፋል።

ክብደት መቀነስ ለወፈረ ሰው በጣም ይረዳል። ከክብደቱ 10 በመቶ የቀነሰ ሰው የትንፋሽ መቋረጡ በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ጥናት አሳይቷል። ለከባዱ ግን ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ቀላል ለሆነው በጎን መተኛት አንዳንዴ ለውጥ ያመጣል። የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት የሚይዝ የጥርስ መሣሪያም አለ።

---

የሹፌሩ ባለቤት | ከአሥር ቀን በኋላ፣ እሑድ ማታ 2፡30

ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። ሁሉንም ልንገራችሁ።

ቪዲዮውን ቀረጽኩ። አራት ደቂቃ ነው። ጠዋት ቡና አፍልቼ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ስልኩን ሰጠሁት። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ዝምታው ሲመጣ ፈገግታው ጠፋ። ስኒውን አስቀመጠ። ድምፁ አልመለስ ሲል ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ሲተናነቅ ሲሰማ "ይህ እኔ ነኝ?" አለ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና "ጊቤ ላይ የሆነውን ረዳቱ ነግሮሻል አይደል?" አለኝ። ነግሮኛል አልኩት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ነገረኝ። ያ የመጀመሪያው አልነበረም።

አንገቱን ለካሁት፣ 44 ሆነ። መጠይቁን አብረን ሞላን፣ 17 አመጣ። ማክሰኞ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ግፊቱ 160 በ100 ነበር። ሐኪሙ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየው። መድኃኒት ጀመረለት፣ ለእንቅልፍ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ጻፈለት። ከሥራ እንዳያስወጡኝ ብሎ ፈርቶ ነበር። ሐኪሙ የሚያስፈራው ያልታከመው ሰው ነው አለው። ሲታከም ወደ መንገዱ እንደሚመለስ፣ እስከዚያ ግን ረጅም መንገድ ብቻውን እንዳይነዳ፣ እንቅልፍ ሲመጣበት ጥግ ይዞ እንዲቆም ነገረው።

መምህር ስለ ጎን መተኛት የጻፉትን አንብቤ የአሮጌ ቲሸርቱን ጀርባ ኪስ ሰፋሁበት። የልጃችንን የቴኒስ ኳስ ከተትኩበት። በጀርባው ሲገለበጥ ይቆረቁረውና በጎኑ ይመለሳል። ዝምታው አልጠፋም፣ ግን ትናንት ማታ ያገኘሁት ረጅሙ 14 ሴኮንድ ነው። ጫቱን አላቆመም። ጨብሲውን ግን ትቷል።

ዛሬ ከወልቂጤ ደወለልኝ። ሌላ ሹፌር አብሮት ነበር። እሱም ደክሞታል መሰለኝ። "እንቅልፍ መጥቶብናል፣ እዚሁ እናድራለን" አለኝ። 19 ዓመት ሹፌር ነው፣ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

የምርመራው ቀጠሮ ታኅሣሥ 12 ነው። አብሬው እሄዳለሁ። መምህር፣ ጭምብሉን ስለማልመድ በዚያን ጊዜ እጠይቅዎታለሁ።